የተካይ ድርሻ

እትዬ ዘነበች ማረፋቸውን የነገረኝ ዛፍ ቆራጩ ከድር ነው። ከሥራ ስመለስ ሰሚት ታክሲ መውረጃው አጠገብ የጭነት መኪናውን አቁሞ፣ የሞተር መጋዙን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። 

«እትዬ አረፉ» አለኝ። ቀጥሎም ትንፋሽ ሳይወስድ፣ «እንጨቱስ ምን ይሁን?»

ስለ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ጥያቄው ያለ ጊዜው የመጣ ይመስለኝ ነበር። እትዬ ዘነበችን ለሚያውቅ ግን ሁለቱን ነገር መነጣጠል አይቻልም። እኔም በመጀመሪያ ያሰብኩት ስለ እንጨቱ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ያሰብኩት ማን ለቅሶ እንደሚቀመጥላቸው ነው።

እትዬ ዘነበች እንጨት ፈላጭ ነበሩ። እንዲህ ሲባል ብዙ ሰው ከእንጦጦ ተሸክማ የምትወርድ ሴት ይታየዋል። እሳቸው እንጦጦን በሩቁ እንጂ በእግራቸው አያውቁትም። እንጨታቸው የሚመጣው ከዚሁ ከቦሌና ከአካባቢዋ ነው፤ ፎቅ ሊሠራበት ከሚፈርስ ቪላ፣ ግቢውን ከሚያሰፋ ሰው፣ መንገድ ሲሰፋ ከሚወድቅ ዛፍ። ከድርና ሁለት ጓደኞቹ በገመድ ወጥተው ዛፍ እየቆረጡ የሚያወርዱ ናቸው። ፈቃዱን ከወረዳ ባለቤቱ ያወጣል፤ እነሱ ቆርጠው፣ ግቢውን ጠርገው፣ ግንዱን ጭነው ይሄዳሉ። ግንዱ ደግሞ አንድ ቦታ መራገፍ አለበት። የሚራገፈው ከኮንዶሚንየማችን ጀርባ፣ በአጥሩና በወንዙ መካከል ባለችው ቀጭን መሬት ላይ፣ እትዬ ዘነበች ፊት ነበር።

እሳቸው የሚኖሩት ከዚያች ቦታ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ከአንድ ቤተሰብ በተከራዩአት ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነው። ባልም ልጅም የላቸውም። ፍቼ በኩል የእህት ልጅ እንዳለቻቸው አልፎ አልፎ ያነሱ ነበር። ሰውነታቸው ሰፋ ያለ፣ አነጋገራቸው አጭር። ክረምት ከበጋ የወንድ ኮትና ቦቲ ጫማ ያደርጋሉ፤ ሻሻቸውን ከአገጫቸው ሥር ያስራሉ። ምሳሩን ሲያነሱ የሚቸኩል ነገር የላቸውም። ሲጥሉት ደግሞ በራሱ የወደቀ ነው የሚመስለው። አንድ ግንድ ፊት ቆመው በጉጡ ሲበሳጩ ሰምቼ አውቃለሁ። «አንተ ደግሞ ከማን ተማርክ እንዲህ መጠማዘዝ?» ይሉታል፤ ከዚያ ሽብልቃቸውን ፈልገው ይመጣሉ።

አጠገባቸው ሁልጊዜ ትንሽ ሬዲዮ አለች። የእንግሊዝ ኳስ ጨዋታ ሲተላለፍ ድምፅዋን ከፍ ያደርጋሉ። ቡድኖቹን ለይተው አያውቁም፤ መልያቸው ቀይ ይሁን ሰማያዊ ግድ የላቸውም። አንድ ቅዳሜ «ማን አሸነፈ?» ብላቸው፣ «ጩኸቱ የበዛለት» አሉኝ።

እኔ ያን ጊዜ የማታ ተማሪ ነበርኩ። ትምህርት የጀመርኩት ሌላው ሰው ከጨረሰ በኋላ ስለሆነ፣ ቀን አንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እሠራለሁ፤ አመሻሽ ላይ ክፍል እስኪደርስ በእሳቸው ቦታ በኩል በሚያልፈው አቋራጭ ስመጣ አንዱ ጉቶ ላይ ተቀምጬ አነባለሁ። በመካከላችን ወዳጅነት አለ ያለ ሰው አልነበረም፤ እኔም አላልኩም። ሲደክማቸው ምሳሩን ይደገፉና «ምን ይላል?» ይሉኛል። ያነበብኩትን ባጭሩ እነግራቸዋለሁ። አዳምጠው ሲያበቁ ፍርዳቸውን ይሰጣሉ፦ «ይኼ ሰውዬ ብዙ ያወራል»፣ ወይም «እንዲህ ያለ ባል አለ? ዋሽቶሻል»። ከዚያ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። በፍርዳቸው የማልስማማበት ጊዜ ብዙ ነበር፤ ግን ተከራክሬ አላውቅም፤ ምክንያቱም ምሳሩ በእጃቸው ነው።

በሰፈሩ የሚታወቁት በሁለት ነገር ነው። አንዱ ምስማር ነው። የመንገድ ዛፍ ሁሉ የሚከራይ ቤትና የሚሸጥ መኪና ማስታወቂያ ሲቸነከርበት ስለሚኖር፣ ግንዱ ሲመጣ ቅርፊቱ ውስጥ የተቀበረ ምስማር አይታጣም። የምሳር ስለት አንዴ ከመታው የግማሽ ቀን መሳል ነው። «የቦሌ ዛፍ የሚያፈራው ምስማር ነው» ይሉ ነበር። በጉጠት እየነቀሉ በወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ያጠራቅሙታል፤ አይሸጡትም፣ አይጥሉትም። ዛፍ ላይ ሲቸነክር ያዩትን ሰው መንገድ ላይ አቁመው መሳደባቸውም የታወቀ ነው።

ሌላው አንድ ጥያቄ ነው። ማንኛውንም ግንድ ከመግዛታቸው በፊት «ማን ተከለው?» ይላሉ። መልስ ካላገኙ አይገዙም። መልስ ካገኙ ደግሞ ከፈለጡት ውስጥ አንድ እስር ለይተው ለተካዩ ያስቀምጡለታል። የሚያስሩት ከዚያው ግቢ ባገኙት ነገር ነው፦ በመጋረጃ ቁራጭ፣ በኤሌክትሪክ ሽቦ፣ በልብስ ማስጫ ገመድ። የታሰሩት ከክምሩ ጀርባ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ለብቻቸው ይደረደራሉ። «የተካይ ድርሻ» ነው ስማቸው። ማንም በምንም ዋጋ አይገዛቸውም።

ይህን ከየት እንዳመጡት አንድ ጊዜ ጠይቄያቸው ነበር። «አባቴ ያደርግ ነበር» አሉኝ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሌላ ሰው ሲጠይቃቸው፣ «እኔው ነኝ ያወጣሁት፤ ምን ይሁን?» ሲሉ ሰማሁ። ሁለቱን መልሶች አስታርቄ አላውቅም።

አንድ ቀን አትላስ አካባቢ አንድ ቪላ ሲፈርስ ከድርን ላኩብኝ። «መጽሐፍ እየጣሉ ነው፣ ነይ ብለውሻል» አለኝ። በጭነት መኪናው ሄድኩ። እውነትም በረንዳው ላይ መጽሐፍ በካርቶን ተዘርግፏል። ግቢው መሐል ደግሞ አንድ ትልቅ ጥድ ወድቆ ተኝቷል፤ ሽታው እስከ በሩ ይመጣል። እትዬ ዘነበች ግንዱ ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው የቆመው የአፍራሾቹ አለቃ ነው፤ ስልክ በአንድ እጁ፣ የመኪና ቁልፍ በሌላው የያዘ ጎረምሳ።

«ማን ተከለው?» አሉት።

«ምን አገባሽ ማዘር? ትገዢያለሽ አትገዢም?»

«እገዛለሁ። ማን ተከለው?»

«እኔ ምናባቴ አውቄ! ፕሮጀክት ነው ይሄ። ነገ ማሽን ይገባል። በናትሽ ተነሽ።»

«ባለቤቱን ደውልና ጠይቃ።»

«ለዛፍ ነው የምደውለው? ፋራ ያስመስለኛል እኮ!»

እትዬ ዘነበች ከኮታቸው ኪስ ቆሎ አወጡና መቆርጠም ጀመሩ። መነሣት እንዳላሰቡ ለማንም ግልጽ ነበር። ከድር ራሱን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዞረ፤ ይህን ብዙ ጊዜ አይቶታል። ጎረምሳው በመጨረሻ ደወለ፤ ድምፁን ክፍት አድርጎ ስልኩን አፋቸው አጠገብ ወረወረ ማለት ይቻላል። ከብዙ ማስተላለፍ በኋላ አንዲት የአሮጊት ድምፅ መጣች።

«ጥዱ? እኔ ነኝ የተከልኩት። የመጨረሻ ልጄን አርግዤ። ምነው?»

«ምንም። ወደቀ ልልዎት ነው» አሉ እትዬ ዘነበች። «አንድ እስር አስቀምጥልዎታለሁ። ሰሚት ነኝ።»

 ከዚያ አሮጊቷ «መውደቁን ማንም አልነገረኝም ነበር» አሉ። ጎረምሳው ስልኩን ተቀብሎ ኪሱ ከተተ። እንጨቱ ሲጫን ግን አንዱን ጫፍ ያዘ።

ይህ ሁሉ ደግነት ይመስላል። እትዬ ዘነበች ደግ ነበሩ ለማለት ግን ይከብደኛል። የማይወዱትን ሰው «አልቋል» ብለው ከክምሩ ፊት ይመልሱታል። ሲመሰገኑ ፊታቸው ይኮሳተራል። እኔንም አንድ ቀን፣ መጽሐፌን እንደያዝኩ፣ «አንቺስ ምን ተክለሻል?» አሉኝ።

«ምንም» አልኳቸው።

«ይኼን ሁሉ ዘመን?»

«የት ልትከል? አራተኛ ፎቅ ነው ያለሁት።»

«እንግዲያው ድርሻ የለሽም» አሉና ምሳራቸውን አነሱ። ቀልድ አልነበረም።

አሁን ስለ ጋሽ ታደለ መናገር አለብኝ። ጋሽ ታደለ የእድራችን ዳኛ ናቸው። ዕድሜያቸውን በመንግሥት መሥሪያ ቤት አሳልፈው ጡረታ የወጡ፣ ሲናገሩ አንቀጽ የሚጠቅሱ፣ ቀጭንና ንጹሕ ሰው። የእድሩን መተዳደሪያ ደንብ የጻፉት እሳቸው ናቸው። የእድሩ መጋዘን ቁልፍም ከእሳቸው ኪስ አይወጣም፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ትልልቆቹ ጎላዎች እዚያ ነው የሚቀመጡት። ምድር ቤት ነው የሚኖሩት። ኮንዶሚንየሙ ገና ራቁቱን ሳለ መስኮታቸው ፊት የተተከለ ግራቪሊያ ነበራቸው። የለቅሶ ማስታወቂያ የሚቸነክሩት እዚያ ላይ ነው፤ በዚህም ከእትዬ ዘነበች ጋር ብዙ ጊዜ ተጋጭተዋል።

ዛፉ አደገና ሥሩ የፍሳሽ ቱቦ ውስጥ ገባ። የላይ ፎቆቹ ጮኹ። ፈቃድ ወጣ፣ ከድር መጣ፣ ዛፉ ወረደ። እትዬ ዘነበች ሊገዙ ሲመጡ እኔ ከደረጃው እየወረድኩ ነበር።

«ማን ተከለው?»

«እኔ ነኛ! ሳታውቂ ቀርተሽ ነው?» አሉ ጋሽ ታደለ።

«ብቻዎን?»

ጋሽ ታደለ ጉቶውን በበትራቸው ነካ ነካ አደረጉ። «ጉድጓዱን እኔ ቆፈርኩ» አሉ። «ችግኙን ቀጥ አድርጋ የያዘችው ባለቤቴ ናት።» ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይቷል።

«እንግዲያው ድርሻው የሁለታችሁ ነው።»

«የምን ድርሻ? ሸጥን እኮ፤ ተዋውለናል።»

«የሸጡት ዛፉን ነው» አሉ እትዬ ዘነበች።

ግንዱ ላይ አንድ አረንጓዴ የልብስ ማስጫ ገመድ ታስሮ ቀርቶ ነበር፤ የዛፉ ቅርፊት ግማሹን ውጦታል። እትዬ ዘነበች በቢላዋ ፈልፍለው አወጡት። ጋሽ ታደለ ገመዱን ሲያዩ ወደ ቤት ገቡ። በመስኮቱ በኩል ግን «ምን ያደርግልኛል?» ሲሉ ተሰሙ።

«ወይ ሲደሰቱ ወይ ሲያዝኑ ይነድልዎታል። የሰው ነገር ከሁለቱ አይወጣም።»

ከዚያ ቀን በኋላ ይመስለኛል እትዬ ዘነበች ያንን ነገር ያሰቡት። በአንድ እሑድ፣ የእድሩ ጠቅላላ ጉባኤ በኮሚናሉ፣ በኮንዶሚንየሙ የጋራ አዳራሽ፣ ሲካሄድ፣ ኮታቸውን አራግፈው፣ ቦቲያቸውን በነጠላ ጫማ ቀይረው ገቡ። ከበሩ አጠገብ ቆሙ።

«እንጨት ታዘዘ እንዴ?» አለ ገንዘብ ያዡ።

«አይ። ልመዘገብ ነው።»

ሳቅ ሆነ። ክፋት አልነበረበትም። «ኧረ እትዬ፣ እርስዎ የእንጨቱ ሚኒስትር ሆነው ሳለ!» አለ አንዱ። ለቅሶ በሆነ ቁጥር የእድሩን ማገዶ የሚያቀርቡት እሳቸው ስለሆኑ፣ አባል አለመሆናቸውን ያን ቀን ያወቀ ሰው ጥቂት አልነበረም።

ጋሽ ታደለ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዘነበች፣ ደንቡ እንደሚለው አባል መሆን የሚችለው በኮንዶሚንየሙ ሳይት ውስጥ ቤት ያለው ነው። ተከራይ አይመዘገብም። አንቺ ደግሞ ሳይቱ ውስጥም አይደለሽም።»

«ወርኃዊውን እከፍላለሁ።»

«የክፍያ ጉዳይ አይደለም።»

«የምን ጉዳይ ነው?»

«የቤት ጉዳይ ነው። እንበልና አንድ ነገር ሆንሽ፤ ድንኳኑን የት እንተክለዋለን? በሰው ግቢ?»

ጥያቄው በተንኮል የተጠየቀ አልነበረም፤ ጋሽ ታደለ በእውነት ቦታው ጠፍቷቸው ነው የጠየቁት።  የእትዬ ዘነበች ፊት እኔ የማውቀው፣ ግንድን ዞረው የሚያዩበት ፊት ነበር።

«እንጨቱስ አለኝ» አሉ። «ድንኳኑም ይቅር። የጎደለኝ ሰው ነው።»

ደንቡ ይሻሻል ያሉ ነበሩ፤ እኔም እጄን አወጣሁ። ይጠና የሚሉት በለጡ። አጀንዳው ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። እትዬ ዘነበች «እሺ» ብለው ወጡ። በማግስቱ በአቋራጩ ሳልፍ እንደ ወትሮው እየፈለጡ ነበር፤ ስለ ጉባኤው አንድም ቃል አላነሱም። እኔም «እንጨቱስ አለኝ» ያሉት ስለ ክምሩ መስሎኝ አለፍኩት።

የእድሩ ኮሚቴ ግን አፈረ። ያፈረ ሰው ደግሞ ያስቀየመውን ሰው ፊት ይሸሻል። በሐምሌ አንድ ጎረቤታችን አርፈው ለቅሶ ሲሆን፣ ገንዘብ ያዡ እትዬ ዘነበች ጋ መሄድ ከብዶት ከመንገድ ዳር ከሌሎች ቆራጮች በቀጥታ እንጨት ገዛ። በሳምንቱ ውስጥ የተቆረጠ እርጥብ ግራቪሊያ ነበር። በዝናብ ቀን እርጥብ እንጨት! ንፍሮው የተጣደበት ጎላ እስከ ቀትር ድረስ ለብ አላለም። ጭሱ ግን ድንኳኑን ሞላው። ቄሱ በሳል ጸሎቱን ማድረስ አቃታቸው። ለቀስተኛው ሁሉ ዓይኑን እየጠረገ ይወጣል፤ ሟችን በመልክ የማያውቅ እንኳ ያለቅሳል።

እትዬ ዘነበች ኬሻ የተከናነበ ፍልጥ በጀርባቸው ተሸክመው በዝናቡ መጡ። እርጥቡን ከጉልቻው ሥር ጎትተው አወጡት፣ ደረቁን አስገቡ፣ አጎንብሰው እፍ አሉ። ነበልባሉ ሲነሣ ቀና ብለው ድንኳኑን ተመለከቱ።

«የጭስ እንባ ለሟች አይቆጠርም» አሉ።

ገንዘብ ያዡ የሚገባበት ጠፋው። ጋሽ ታደለ ቀርበው፣ «ዘነበች፣ ውለታሽን...» ማለት ሲጀምሩ አቋረጧቸው።

«ለእናንተ አይደለም። ንፍሮው አሳዝኖኝ ነው።»

ደንቡ ግን እንዳለ ነበር። ጉባኤው ሁለት ጊዜ ተጠርቶ ምልዓት አልሞላም። እትዬ ዘነበችም ዳግመኛ አልጠየቁም።

እንግዲህ ከድር መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ «እንጨቱስ ምን ይሁን?» ያለኝ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ተኝተው እንዳሉ ነው ያረፉት። አከራዮቻቸው ጠዋት ሬዲዮዋ ሳትጠፋ ሲሰሙ ነው በሩን የከፈቱት። የእህት ልጃቸው ከፍቼ መንገድ ላይ ነበረች። አከራዮቹ ለቀብሩ ቤተ ክርስቲያን አነጋግረዋል፤ ግቢያቸው ግን ጠባብ ነው፣ ለቅሶ አያስቀምጥም። ተቀብረው ሁሉም ወደየቤቱ ይበተናል ማለት ነው። እትዬ ዘነበች የፈሩት ይኼንኑ ነበር።

ከከድር ጋር ጋሽ ታደለ ቤት ሄድን። መስኮታቸው ላይ ቁጭ ብለው ጉቶውን ያያሉ።

«ሰምቻለሁ» አሉ። «እድሩ ግን አይችልም። አባል አልነበረችም።»

«ጋሽ ታደለ፣ እኚህ ሴትዮ እኮ...» አለ ከድር።

«ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አትንገረኝ! ለአባል ላልሆነ ሰው የእድሩ ንብረት ከመጋዘን አይወጣም ይላል። ዛሬ ለዘነበች ባወጣ ነገ ለማን ነው እንቢ የምለው?»

ከድር ለመውጣት ዞረ። ጋሽ ታደለ ግን ጫማቸውን በእግራቸው እየፈለጉ ነበር።

«የእኔ እስር በአረንጓዴው ገመድ ነበር አይደል የታሰረችው?» አሉ።

«አዎ። ከጥላው ሥር አለች።»

«የእድሩ ንብረት አይወጣም ይላል። እኔ የራሴን እንጨት የት እንደማነድ አይልም።» በትራቸውን አነሱ። «ድንኳን ግን የለንም።»

«ሸራ አለኝ» አለ ከድር።

ድንኳኑን የት እንተክለዋለን ለሚለው ጥያቄ ማንም ሳያነሳው መልስ ተገኘለት፤ የተተከለው እንጨት ይፈልጡበት የነበረው ቦታ ላይ ነው። በማግስቱ ማለዳ የጭነት መኪናውን ሸራ እነ ከድር ዛፍ በሚወጡበት ገመድ ከአጥሩና ከመብራት ምሰሶው ጋር ወጥረው አሰሩት። ጋሽ ታደለ ሥሩ ቆመው «ወደ ግራ! ኧረ ወደ ግራ፣ ተንጋደደ!» እያሉ አዘዙ። ለመቀመጫ የጉቶ እጥረት አልነበረም። ከድር ዛፍ የቆረጠበትን ቤት ሁሉ ስለሚያውቅ ስልኩን ይዞ ሲደውል ዋለ፤ «የድርሻዎት ጉዳይ ነበር» ብሎ ነው የሚጀምረው። አንዳንዱ ዘነበች የምትባል ሰው አላውቅም አለ። አንዳንዱ «ይንደድላቸው፣ እኔ ግን መምጣት አይመቸኝም» አለ። ከወሎ ሰፈር አንድ የጋራዥ ባለቤት በሥራ ልብሱ መጣ። የአትላሷ አሮጊት ኮንትራት ታክሲ ይዘው መጡ፤ በመጋረጃ ቁራጭ የታሰረችውን እስር አስመጥተው ጭናቸው ላይ አድርገው አሸተቱ።

«ጥድ ነው፤ ይንጣጣል። ከሥር አድርጉት፣ ሕፃን አታስጠጉ» ብለው አዘዙ። ማን እንደሾማቸው የጠየቀ አልነበረም።

የእኛ ብሎክ ሴቶች ድስት ከየቤታቸው አወጡ። ትልልቆቹ ጎላዎች መጋዘን ውስጥ ተቆልፎባቸዋል፤ ቁልፉም ጋሽ ታደለ ኪስ ውስጥ ነው፤ አላወጡትም፣ ማንም አልጠየቃቸውም። ስለዚህ ንፍሮው የተቀቀለው ከሻይ ማፍያ በማይበልጡ በየዓይነቱ ድስቶች ነው። ለትናንሽ ድስት ትልቅ ፍልጥ አይሆንም። ጋሽ ታደለ የእትዬ ዘነበችን ምሳር አነሡና የራሳቸውን እስር ፈተው መፍለጥ ጀመሩ። አፈላለጣቸው የሚያምር አልነበረም። በአንዱ ምት ምሳሩ ቀጭን የብረት ድምፅ አሰማ፤ ቆሙ። እንጨቱ ውስጥ የቀረ ምስማር ነበር። የለቅሶ ማስታወቂያ የሰቀሉበት፣ የገዛ እጃቸው የቸነከረው። በጉጠት ነቀሉት። ወደ ወንዙ ሊወረውሩት እጃቸውን ካነሱ በኋላ ተመልሰው የወተት ዱቄት ቆርቆሮው ውስጥ ጣሉት።

እኔ ድርሻ ስላልነበረኝ ውኃ ቀዳሁ፤ ንፍሮ አዞርኩ። የእህት ልጃቸው ከቀብር ስትመለስ ያን ሁሉ ሰው አይታ ቦታውን የተሳሳተች መስሏት ወደ ኋላ ልትመለስ ነበር። እስክትቀመጥ ድረስ ዓይኗ ደረቅ ነበር፤ ስትቀመጥ አለቀሰች። ጭስ አልነበረም።

በሠልስቱ ከሰዓት፣ ሸራው ከመፈታቱ በፊት፣ ከድር ጥላውን ሲያጸዳ ከግድግዳው ጥግ አንድ እስር አወጣ። በአሮጌ ሻሽ ነው የታሰረች። ሻሹን ሁላችንም አወቅነው።

«ወይራ ናት» አለ ከድር። «ወሎ ሰፈር ተከራይተው ሲኖሩ በራቸው ላይ ተክለዋት ነበር። መንገዱ ሲሰፋ የቆረጥናት እኛ ነን። መጥተው ግንዱ ላይ ተቀመጡ። ያን ቀን ‹ማን ተከለው?› ብዬ የጠየቅኩት እኔ ነኝ፤ ልቀልድ። ‹እኔ› አሉኝ። ከዚያ እንደ ማንም ሰው በዋጋ ተከራክረው ከእኔ ገዟት።»

ያን እሑድ በጉባኤው «እንጨቱስ አለኝ» ያሉት ይህቺን እስር ኖሯል። ለራሳቸው ለቅሶ ያስቀመጧት ናት።

እሳቱ እየከሰመ ነበር። ድስቶቹ ታጥበው ተደፍተዋል። ሰው ግን ገና በየጉቶው ላይ ተቀምጦ ያወጋል፤ ጋራዡ ሰውዬና የአትላሷ አሮጊት ስለ ቦሌ አሮጌ ቤቶች ይከራከራሉ። እንጨቷ የምትገባበት እሳት አልነበረም።

«ምን እናድርጋት?» አለ ከድር።

 ጋሽ ታደለ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱና በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁልፉን አወጡ።

«የእድሩ ንብረት አይወጣም ነው የሚለው» አሉ። «የሰው ንብረት አይገባም አይልም።»

እስሯን ራሳቸው ተሸከሟት። ወይራ ከባድ ነው፤ ልንረዳቸው ብንል እንቢ አሉ። መጋዘኑን ከፍተው ከወንበሮቹና ከጎላዎቹ መካከል ቦታ አስለቅቀው አስቀመጧት፤ ሻሹን አልፈቱትም። ከዚያም በሩን መልሰው ቆለፉ።